ፈርሙ የተባልነው የኦቨርታይም ወረቀት፦ ምን ትመክሩናላችሁ?

ኦቨርሎክ_ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ሁሌም አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ግን ጨነቀኝና ጻፍኩ።

አዲስ አበባ ዙሪያ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ኦፕሬተር ነኝ። ስሙን አልጠራም። እባካችሁ እናንተም አትገምቱ፣ እንጀራዬ ነው። ዛሬ ከሥራ ስንወጣ ኤችአሩ (የሰው ኃይል ኃላፊው) በር ላይ ቆሞ አንድ ገጽ ወረቀት አደለን። እስከ ዓርብ ፈርማችሁ መልሱ ተባልን። እንዲህ ይላል፦ «ድርጅቱ በሚጠይቀኝ በማንኛውም ቀንና ሰዓት ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ለመሥራት በፈቃዴ ተስማምቻለሁ።» ከታች ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ። ስለ ክፍያ አንድ መስመር የለውም።

ኦቨርታይም ጠልቼ አይደለም። በደመወዙ ብቻ ማን ይኖራል? የሚያንገበግበኝ አያያዙ ነው። 11 ሰዓት ላይ ዕቃችንን መሰብሰብ ስንጀምር ሱፐርቫይዘሯ መጥታ «ዛሬ የሚወጣ የለም፣ ሺፕመንት አለ» ትላለች። ልጇን ጎረቤት ጋ ያስቀመጠች አለች። ማታ የምትማር አለች። ማን ይጠይቃታል?

አቴንዳንስ ቦነስ የሚባል አለ፣ 600 ብር። ወሩን ሙሉ አንድም ቀን ካልቀረሽ ታገኚዋለሽ። አንድ ቀን ከቀረሽ ሙሉው ይሄዳል። የሐኪም ወረቀት ብታመጪም ያው ነው።

የሽንት ቤት ካርድም አለን። ለአንድ ላይን፣ ማለትም ለአንድ የስፌት መስመር፣ አንድ ካርድ። ቀይ ፕላስቲክ ነው፣ በክር ታስሮ የሱፐርቫይዘሯ ጠረጴዛ ላይ ይንጠለጠላል። ካርዱ ሰው ጋ ከሆነ አትነሺም። የሄድሽበትና የተመለስሽበት ደቂቃ ደብተር ላይ ይጻፋል። በወር አበባ ጊዜ ምን እንደሚመስል ሴቶቹ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያስጻፈኝ ሌላ ነው። በቀደም ጎኔ የምትሠራ ልጅ ጣቷን መርፌ ወጋት። ጥፍሯን በስቶ ገብቶ እዚያው ተሰበረ። ሱፐርቫይዘሯ እየሮጠች መጣች። ተመስገን፣ ልትረዳት ነው አልኩ። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ቃል «ጫፉ የት አለ?» ነበር።

ለማታውቁት ላስረዳ። መርፌ ከተሰበረ ስብርባሪው በሙሉ ተለቅሞ መዝገብ ላይ በፕላስተር ካልተለጠፈ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ልብስ ውስጥ ከቀረ የሚለብሰውን ሰው ይወጋል፤ ገዢው ጭነቱን በሙሉ ሊመልስ ይችላል። ደንቡ ገብቶኛል፣ ትክክልም ነው። ግን እሷ ጣቷን ይዛ ቆማ እኛ መሬት ተንበርክከን ጫፍ ስንፈልግ ቆየን። ጫፉ የተገኘው ክሊኒክ ነው። ጣቷ ውስጥ።

በማግሥቱ አብጦባት ቀረች። ቦነሱም ሄደ።

ጥያቄዬ፦ ወረቀቱን እንፈርም? ባንፈርም ሊያባርሩን ይችላሉ?

---

ታዛቢው · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:42

እህቴ፣ ፈርሚና ሥሪ። በየቀኑ በሩ ላይ የሚሰለፈውን አታዪም? አገሩ በሥራ ፈላጊ ተጥለቅልቋል። ሽንት ቤት በካርድ ሆነ ብሎ ማልቀስ ቅንጦት ነው። የሚጠላ ይልቀቅ፣ የሚፈልግ ይግባ።

---

ቆራጩ_ከገላን · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ታዛቢው፣ ወንበርህ እንደሚሽከረከር ከአጻጻፍህ ያስታውቃል።

የሚሰለፈው አለ፣ ልክ ነህ። በዚያው በር የሚወጣውንስ አይተሃል? እኔ ከቲንግ (ጨርቅ መቁረጫ) ክፍል ነኝ፣ በሩ ፊት ለፊቴ ነው። ከገጠር የመጡ ልጆች ይገባሉ። ስልጠና ይወስዳሉ። እጃቸው ሲፈታ፣ ገና ታርጌት መምታት ሲጀምሩ ይጠፋሉ። ደመወዝ በገባ ማግሥት ላይኑ ላይ ባዶ ወንበር ነው የምታየው። ስንፍና አይደለም። አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። የቀንና የማታ ፈረቃ ሆነው አንድ ፍራሽ የሚለዋወጡም አውቃለሁ፣ ይቺ ስትነሳ ያቺ ትተኛለች። ኪራይ ከፍለው፣ በልተው፣ ለቤተሰብ የሚልኩት ሲያጡ «ምን አቆየኝ?» ይላሉ።

ይልቅ ስለ መርፌዋ ልጅ ገርሞኛል። እኛ ጋ ቢያንስ መጀመሪያ ደሙን ይጠርጋሉ።

---

ሕግ_ነክ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ኦቨርሎክ_ልጅ፣ ጥያቄሽን በቀጥታ ልመልስ። ጠበቃ ነኝ፣ የሥራ ክርክር እይዛለሁ።

የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መደበኛ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ሥራ እንዲሠራ አይገደድም። አሠሪው ሌላ መላ ሲያጣ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች አሉ፦ አደጋ ሲደርስ ወይም ያሠጋል ተብሎ ሲታሰብ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ። «ሺፕመንት አለ» አንዳንዴ አስቸኳይ ሥራ ሊባል ይችላል። በየሳምንቱ ሺፕመንት ካለ ግን የዕቅድ ጉድለት እንጂ አስቸኳይ አይደለም። ያኔም ቢሆን ጣሪያ አለው፤ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም።

ስለዚህ «በማንኛውም ቀንና ሰዓት» የሚለው ብትፈርሚም ሕጉን አይሽርም። ከአዋጁ በታች የሚያደርግ ስምምነት አይጸናም። ታዲያ ምን ችግር አለው ካልሽ፣ ነገ «በፈቃዷ ነው የሠራችው» የሚል ማስረጃ በእጃቸው ይሆናል። እንዲህ ያለ ወረቀት አለመፈረም ብቻውን ደግሞ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ወረቀቱ ነፍሰ ጡሮችን አይለይም? ነፍሰ ጡር ትርፍ ሰዓት አትሠራም፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም አትመደብም።

የመርፌዋ ጉዳይ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፣ ስትታከም የቀረችበትም ቀን ይከፈላታል። አደጋው መመዝገቡን ጠይቁ። የመርፌው መዝገብ አይደለም፣ የእሷ።

እስቲ የደመወዝ ስሊፕሽን ቁጥር ጻፊልኝ።

---

ኦቨርሎክ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

እግዚአብሔር ይስጥልን። ነፍሰ ጡር የሚል የለበትም። ወረቀቱን ያደለው ልጅ ራሱ ያነበበው አይመስለኝም።

መነሻዬ 3,600 ብር ነው። ባለፈው ወር 40 ሰዓት ኦቨርታይም ተጽፎልኛል፣ ለሱ የገባልኝ 692 ብር ነው። ሁሉም በሥራ ቀን፣ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሠራሁት ነው።

---

ሕግ_ነክ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

እንደጠረጠርኩት ነው። አብረን እናስላው።

በሳምንት 48 ሰዓት ማለት በወር በአማካይ 208 ሰዓት ነው። 3,600 ለ208 ሲካፈል የሰዓትሽ ዋጋ 17 ብር ከ31 ሳንቲም ይሆናል። 17.31 በ40 ሲባዛ 692። የከፈሉሽ ልክ እንደ መደበኛ ሰዓት ነው፣ ጭማሪ የሚባል ነገር የለም።

ሕጉ ግን ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይላል። ከምሽቱ 4 በኋላ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2 ተኩል እጥፍ። ስለዚህ ሊከፈልሽ የሚገባው ወደ 1,038 ብር ነበር። 346 ብር ጎድሎብሻል። በአንድ ወር፣ ካንቺ ብቻ። በላይናችሁ ሰው አባዢው።

---

መካኒኩ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:01

ኧረ ጉድ!! እኔም አሁን ስሊፔን አውጥቼ አሰላሁ። ያው ነው። ሌባ ሁላ! ነገ ጠዋት ማሽን አጥፍቶ መቀመጥ ነው። ሥራ እናቁም!

---

ሕግ_ነክ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:12

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ቀስ በል። የሥራ ማቆም መብት ሥርዓት አለው። የሠራተኛ ማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛ ተገኝተው በአብላጫ መወሰን አለባቸው። ከ10 ቀን በፊት ለአሠሪውና ለመንግሥት አካል ማስታወቅ ያስፈልጋል። ያለዚያ ሕገ ወጥ ይባልና ሌባ ያልከው ሰው ከሳሽ ይሆናል። ስሊፕህን በደንብ አስቀምጥ።

---

ፕሮዳክሽን_ሰው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ሁላችሁም በአንድ ወገን ስለጮኻችሁ ከዚያኛው ወገን ልጻፍ። በሌላ ፋብሪካ ፕሮዳክሽን ማናጀር ነኝ። ስደቡን ከአሁኑ ተቀብያለሁ።

አንድ ላይን ሰንሰለት ነው። አንገትጌ የምትሰፋው ከቀረች ቀጥሎ ያለው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጠዋት ስገባ ከላይኑ አምስትና ስድስት ሰው ጎድሎ አገኛለሁ። ገዢው ደግሞ ቀን ቆርጦ ነው ያዘዘው። በመርከብ መሄድ ያለበት ጭነት ከዘገየ በአየር እንልካለን፣ የአየሩ ወጪ የኛ ነው። ያኔ ትርፉ ቀርቶ ኪሳራው ነው የሚቆጠረው።

ዘርፉ የደረሰበትን ደግሞ ረስታችሁታል። ኅዳር 2014 የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን ዘጋ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ሌሎቹን የጎተተው እሱ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ከአጎዋ (ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድሏ) አስወጣችን። ሳይቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ሲጫንበት ትዕዛዙ ወደ ሌላ አገር ሄደ። የቀሩት ገዢዎች በሳንቲም ይከራከሩናል። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይበላል። ማናጀር በደስታ ነው ሰው የሚያስመሸው? እኔም እኮ አብሬ አመሻለሁ።

የሽንት ቤት ካርዱን አልደግፍም። እኔ ጋ የለም። ግን ሰው ተነስቶ ሽንት ቤት ውስጥ ስልክ ሲጎረጉር የሚቆይም አለ፣ ይህም መነገር አለበት።

---

ሒሳብ_ሠራተኛ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:05

ፕሮዳክሽን_ሰው፣ በጨዋ ደንብ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ዘለሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እናንተ ልብሱን በዶላር ትሸጣላችሁ። ደመወዝ በብር ትከፍላላችሁ። አንድን ኦፕሬተር ለማሠራት የሚወጣው ዶላር በአንድ ክረምት በግማሽ ሊጠጋ ቀነሰ ማለት ነው። በዚያው ክረምት ዘይቱና ኪራዩ በማን ላይ ወጣ? በኦፕሬተሯ። ከዚያ ትርፍ ላይ አንድና ተኩል እጥፍ ለመክፈል ምን ይከብዳል?

---

ፕሮዳክሽን_ሰው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:20

ግማሹ ልክ ነው። ግን ጨርቁ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ፣ ክሩ፣ የማሽን መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በዶላር። ምንዛሪው የጠቀመን በጉልበቱ ድርሻ ላይ ብቻ ነው። ገዢውም ይህን ያውቃል፤ በቀጣዩ ድርድር «አሁን ርካሽ ሆናችኋል» ብሎ ዋጋ ይቆርጣል።

ኦቨርታይሙን በተመለከተ አልከራከርም። አንድ ተኩል ሕግ ነው፣ መከፈል አለበት። ደመወዝ የሚሠራው ክፍል ሶፍትዌሩን ሲያስተካክል ማባዣውን 1 አድርጎት ይሆናል። ሁሌ ተንኮል አይደለም።

---

ቆራጩ_ከገላን · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:31

የሚገርመው ሶፍትዌሩ ሁሌ ወደ አንድ ወገን ነው የሚሳሳተው 😂 ለኛ 2 ያበዛልን ቀን የለም።

---

ኤችአር_ነበርኩ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:40

ስለ አቴንዳንስ ቦነሱ ልጻፍ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ደንብ ካረቀቁት አንዷ ነበርኩ።

ሐሳቡ መቅረትን መቀነስ ነው። ሆኖም የመገኛ ሰዓት መዝገቡን ያየ ሰው ሌላ ነገር ያነብበታል። በወሩ መጀመሪያ አንድ ቀን የታመመች ልጅ 600 ብሩ ያን ቀን ሄዷል። ከዚያ በኋላ ሃያ ቀን ብትገባም አይመለስም። ታዲያ ሁለተኛውን ቀን ለመቅረት ምን ይይዛታል? ቦነሱን ያጡት ልጆች ወሩ እስኪያልቅ ደጋግመው ነበር የሚቀሩት። ያላጡት ደግሞ ትኩሳት ይዟቸው ይመጣሉ፣ ላይኑን በሙሉ ጉንፋን ያስይዛሉ። ይህን ለማናጅመንት በወረቀት አቅርቤ ነበር። «ደንቡ ከወጣ በኋላ አይነካም» ተባልኩ።

ሌላው ቅጣት ነው። ደንቡ «ቅጣት» አይለውም፣ «ጥቅም አለማግኘት» ነው የሚለው። ልጅቷ ግን ባለፈው ወር ያገኘችውን ብር በዚህ ወር ስታጣ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፦ ታመምኩ፣ ተቀጣሁ።

የሚለቁት ሲለቁ የመውጫ ቃለ መጠይቅ እናደርግ ነበር። ፎርሙ ላይ ሁሉም «የቤተሰብ ጉዳይ» ብለው ይሞላሉ። ፎርሙን አስቀምጠን በር ላይ ስንጨዋወት ነው እውነቱ የሚወጣው። አንዷ ያለችኝ አይረሳኝም፦ «ስሜን የማያውቅ ሰው ሦስት ዓመት አዘዘኝ፤ ‹አንቺ ሰባት ቁጥር› ነበር የሚለኝ።» ስለ ደመወዝ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

---

ሕግ_ነክ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:05

ጥሩ ነጥብ ነው። በሕጉ በኩል ልጨምር። ሠራተኛ በሕመም ሲቀር የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሙሉ ነው፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ይህ ግን ደመወዝን ነው የሚመለከተው። ቦነሱን ድርጅቱ በራሱ ደንብ ያመጣው ነው፤ አዋጁ ስለሱ በስም አይናገርም። ስለዚህ እዚህ ላይ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ታሸንፋላችሁ ብዬ አላታልላችሁም። ቦነስ የሚስተካከለው በኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበርና ድርጅት በሚፈራረሙት ውል ነው። ማኅበር አላችሁ?

---

ኦቨርሎክ_ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

የለንም። «የሠራተኛ ኮሚቴ» የሚባል አለ፣ ኤችአር ነው የመረጠው። ስብሰባው ላይ ስለ ካፌው ወጥ ይነጋገራሉ። ወጡም አልተስተካከለም።

---

ከሱ_ፎልስ · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:50 (የናንተ ሰዓት)

ሰላም ለናንተ። ደቡብ ዳኮታ ሥጋ ፋብሪካ ነው የምሠራው። እዚህ ከተማ ሐበሻ ብዙ ነው። አሜሪካ ገነት ነው የሚል ካለ ይህን ያንብብ።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢላ ይዘህ ቆመህ ትውላለህ። ሥጋው በሰንሰለት ይመጣል፣ አይቆምልህም። ሌሊት እጅህ ደንዝዞ ያስነሳሃል። ሽንት ቤት ስትፈልግ የሚተካህ ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለህ፣ አንዳንዴም ረጅም ነው። ኦቨርሎክ_ልጅ የጻፈችውን ሳነብ አገሩ ብቻ ነው የተለየብኝ።

ልዩነቱ ዩኒየን መኖሩ ነው። የዩኒየን ተወካዩ እንደኛው ቢላ የያዘ ሠራተኛ ነው። አለቃ አልተካልህ ካለ ለሱ ትነግረዋለህ፣ ቅሬታው በጽሑፍ ይገባል፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን አለው። ሁሌ ታሸንፋለህ ማለት አይደለም። ግን አለቃው ሲናገርህ ሦስተኛ ሰው እንደሚሰማ ያውቃል። በዚህ ስቴት መዋጮ ግዴታ ስላልሆነ ብዙው ሐበሻ አይከፍልም፣ ችግር ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ተወካዩ ነው። ተናገርኩ።

---

ከዱባይ_ሰላም · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:15

እኔ ከጋርመንት ለቅቄ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ላይናችን ላይ ከነበርነው ስንቱ አሁን ዓረብ አገር ነው መሰላችሁ። እዚህም ሰው ቤት ነው፣ ዕረፍት የለም፣ ብቸኝነቱ ይገድላል። ብሩ ግን ቤት ይደርሳል። እዚያ ቢሻሻል ኖሮ ማን እናቱን ጥሎ ይመጣ ነበር።

---

ጡረተኛው_ቴክኒሽያን · ሐሙስ፣ ከቀኑ 5:40

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። በመጠጥ ፋብሪካ ዕድሜዬን ጨርሼ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ በማኅበሩም በአመራርነት ሠርቻለሁ። የጽሑፍ ስህተት ቢኖርብኝ ይቅርታ፣ በስልክ ነው።

ልጄ ኦቨርሎክ፣ መሠረታዊ ማኅበር ለማቋቋም የአባላቱ ቁጥር ከአሥር ማነስ የለበትም። አሥር ሰው ይበቃል ማለት ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሆኖ ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ሳምንት ነው። እኛ ስንጀምር የሠራነውን ልንገርሽ።

ወሬውን ፋብሪካ ግቢ ውስጥ አታውሩ። ሰርቪስ ላይም አታውሩ፣ ሾፌሩ ይሰማል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ቤት ነበር የምንገናኘው። ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ይኑር፤ ከቲንግ፣ ስፌት፣ ፊኒሺንግ፣ መጋዘን፣ መካኒክ። መካኒክ የሌለው ማኅበር አይሰማም፣ ምክንያቱን መካኒኮቹ ያውቁታል። መተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ ከኢሠማኮ (ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ወይም ከኢንዱስትሪ ፌዴሬሽኑ ታገኛላችሁ፣ በነጻ ያግዟችኋል። ቃለ ጉባኤውን ይዛችሁ ሥራና ክህሎት ቢሮ ታስመዘግባላችሁ። የምዝገባ ወረቀቱ እስኪወጣ ዝም። ከወጣ በኋላ በማኅበር አባልነት ማንንም ማሰናበት ክልክል ነው። በሌላ ሰበብ ይመጣሉ፣ ስለዚህ በዚያ ሰሞን ማንም እንዳይረፍድ፣ ማንም እንዳይቀር። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ወይም በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠበት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ያስባርራል። ይህን በር እናንተው አትክፈቱላቸው።

የቦነሱ ነገር እኛም ነበረብን። ጥሉት አላልንም። በኅብረት ስምምነቱ ከፋፈልነው፦ አንድ ቀን የቀረ ሲሶውን ያጣል፣ ሁለት ቀን የቀረ ሁለት ሲሶውን። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የቀረ ምንም አያጣም። ድርጅቱ መጀመሪያ አኮረፈ። በኋላ መቅረት መቀነሱን ራሱ አየ። የኤችአሯ ልጅ የጻፈችው ትክክል ነው።

ታዛቢው የምትባለው ልጄ፣ አንተን አልወቅስህም። እኔም በወጣትነቴ እንዳንተ ነበር የማስበው፣ አለቃ የሆንኩ ሰሞን።

---

ታዛቢው · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:10

ጋሼ ይመችዎ፣ ለርስዎ ዝም እላለሁ 🙏 ግን ሁሉም ማኅበር ካቋቋመ ፋብሪካው ተዘግቶ ሁላችሁም ቤት እንዳትቀመጡ እሰጋለሁ።

---

ጡረተኛው_ቴክኒሽያን · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:25

የኛ ፋብሪካ አልተዘጋም። አሁንም ይጠመቃል።

---

ኦቨርሎክ_ልጅ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:30

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሕግ_ነክ የጻፉትን በስልኬ ለላይናችን ልጆች አነበብኩላቸው። ሒሳቡን በካልኩሌተር ራሳቸው ሠሩት። ከዚያ ወረቀቱን ከመመለስ ይልቅ በእጃችን ጻፍንበት፦ «በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በፈቃደኝነት፣ በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ፣ በሕጉ የተወሰነው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተከፍሎኝ ለመሥራት ተስማምቻለሁ። ነፍሰ ጡርን አይመለከትም።» ያንን ፈረምን። ሌሎቹ ላይኖች ግማሹ እንዳለ ፈረሙ፣ ግማሹ የኛን ገለበጡ። ከቦብን ክፍል አንዷ ደግሞ «አነባለሁ ብዬ ጠፋብኝ» ብላ ሁለተኛ ወረቀት አስወጣች፣ እሱንም አላመጣችም።

ኤችአሩ የኛን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህን ማን ጻፈላችሁ?» አለ። ማንም አልመለሰም። «ለማናጅመንት አቀርባለሁ» ብሎ ይዞት ሄደ። ሱፐርቫይዘሯ ከሰዓት በኋላ አንድም ቃል አልተናገረችንም። 11 ሰዓት ላይ ወጣን። ማንም አላስቀረንም።

የሽንት ቤት ካርዱ ከረቡዕ ጀምሮ የለም። ደስ ብሎን ነበር። ቆይተን ስንሰማ በሚቀጥለው ሳምንት የገዢው ኦዲተር ይመጣል። ሽንት ቤቱም ሳሙናና ሶፍት ተደርጎበታል። ኦዲተሩ ሲሄድ ሳሙናው አብሮት ይሄዳል፣ እናውቀዋለን።

የመርፌዋ ልጅ ተመልሳለች። ጣቷን አስራ ነው የምትሠራው። አደጋው መመዝገቡን ክሊኒክ ሄዳ ጠየቀች፣ «ቀላል ጉዳት ነው፣ አልመዘገብነውም» አሏት።

---

ሕግ_ነክ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:00

ጎበዞች። የጻፋችሁትን ቅጂ አስቀርታችኋል? ፎቶም ይበቃል።

ኦዲተሩ ከሠራተኛ ጋር ለብቻ ሊነጋገር ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ምን እንደምትሉ ያሠለጥኗችሁ ይሆናል። ማን ምን እንዳለ ለድርጅቱ እንደማይነግር መጀመሪያ አረጋግጡ፣ ከዚያ ስሊፑን አሳዩት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቁጥር ነው፣ ስሜት አይደለም፤ ገዢዎች ቁጥር ይገባቸዋል።

ለልጅቷ ጉዳት ደግሞ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጋ በጽሑፍ አመልክቱ። ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው የሚገኙት። የክሊኒኩን የሕክምና ወረቀት አያይዙ።

አንድ አስቸኳይ ነገር። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። አሁን ሐምሌ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ መከፈል የነበረበት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያበቃለታል። ዛሬውኑ ከየካቲት ጀምሮ ያሉትን ስሊፖች ሰብስቡ፣ በየወሩ ለያይታችሁ አስቀምጡ።

---

ፕሮዳክሽን_ሰው · ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:20

ዛሬ እኔም ፔይሮሉን (የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን) አስመጥቼ አየሁት። የኛ 1.5 ነው የሚያበዛው፣ እፎይ ብያለሁ። የዕሑዱ ግን 1.5 ነው የሚለው፣ 2 መሆን ሲገባው። ሰኞ እጠይቃለሁ።

---

መካኒኩ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:26

ጋሽ ጡረተኛው፣ መካኒክ የሌለው ማኅበር አይሰማም ያሉት ነገር ተመችቶኛል። የሁለታችን ፋብሪካ አንድ መሆኑን ከስሊፑ አወቅሁት። ኦቨርሎክ_ልጅ፣ የውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ። እሑድ ማን ቤት ነው?

---

ኦቨርሎክ_ልጅ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:41

አየሁት። እዚህ አንጻፈው 😅

ስሊፕ ግን የየካቲቱ የለኝም፣ ያኔ በወረቀት ነበር የሚሰጡን። ከናንተ ክፍል የያዘ ካለ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ የሰዓቱ ዋጋ እንዴት እንደተሰላ ለማየት ይበቃል።